ለዚህ ጠመንጃ ብቻ

ኔልዳ አባቷ እርሳስ አቅልጠው የጥይት አረር ሲያፈስሱ እያየች ነው ያደገችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆማ አይታለች፤ ጭልፋውን ግን አንድም ቀን ይዛ አታውቅም። ጭልፋው የአባቷ የሆባርት ነበር። ምድጃው፣ ጥቁሩ የብረት ድስት፣ በአንድ ጊዜ ሁለት አረር የሚያወጣው ፎርማ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው የቆዳ ሽርጥ ሳይቀር የእሳቸው ነበር። እሷ የወረዳው ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በብልቃጥ ውሃ እየቀዳች ቁጥር የምትመዘግብ ሴት ናት። ሰው ሲበዛ ትደነግጣለች፤ ቁጥር ሲበዛ ትረጋጋለች።

በሚያዝያ ወር ሆባርትን ስትሮክ መታቸው። ምላሳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፣ እግራቸውም በከዘራ መራመድ ጀመረ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ጭልፋ ቀርቶ ማንኪያ የሚያንቀጠቅጥ ሆነ። ሐኪሙ ዘንድሮ ለአጋዘን አደን መውጣት የሚችሉት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰው ከጎናቸው ካለ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። ስለሚቀጥለው ዓመት ምንም አላለም። ያላለውን ግን አባትም ልጅም ሰምተውታል።

ሆባርት በጋውን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ባዶውን ጠመንጃ በግራ ትከሻ መደገፍ ሲማሩ ከረሙ። ጠመንጃው የአያታቸው ነው፤ በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ እንጨቱ ከብዙ ሰው ጉንጭ የተነሣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ። ለእሱ የሚሆን ጥይት ሱቅ ገብቶ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ አረሩን ያፈሰሱት ሁልጊዜ ራሳቸው ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ዴልመር "አጎቴ፣ የኔን ይውሰዱ፤ ዘመናዊ ነው፣ ትከሻም አይመታም" ቢላቸው፣

"ያንተን ይዤ ከምወጣ እቤቴ ቁጭ ብዬ ቦሎቄ ብለቅም ይሻለኛል" አሉት።

አደኑ የሚከፈተው የምስጋና በዓል ሳምንት ሰኞ ነው። ሳምንት ሲቀረው ካለፈው ዓመት የተረፈ አንድም አረር በቤት አልነበረም። ኔልዳ ማክሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ወሰደች፣ ሽርጡን ከሚስማሩ አወረደች፣ "እስቲ ያስተምሩኝ" አለች።

ሆባርት ወንበራቸውን በሩ ላይ አስወጥተው ከዘራቸውን እንደ መምህር በትር ያዙ።

"መጀመሪያ መነጽር። ከዚያ ጓንት። ከዚያ ደግሞ ላብሽን ጥረጊ።"

"ላቤን?"

"ላብ ውሃ ነው። የቀለጠ እርሳስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ከገባች ይፈነዳል፤ ጣሪያውንም አንቺንም ብር ያለብሳችኋል። የጎረቤታችን የኦርፋ ባል፣ ነፍሱን ይማረው፣ ቢራውን ከድስቱ አጠገብ አስቀምጦ ሲያፈስ አንድ ቀን ተደፋበት። የዚያን ዓመት የገና ፎቶ ላይ ቅንድብ የለውም።"

እርሳሱ ከጎማ ቤቶች ለዓመታት የተለቀመ፣ ጎማ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚገጠም የባላንስ እርሳስ ነበር። ቀስ እያለ ለሰለሰ፣ ከዚያ በድንገት ውሃ ሆነ። እርሳሱን ከጎማው ጋር ይዘውት የነበሩት የብረት መቆንጠጫዎች ላዩ ላይ ሲንሳፈፉ በጭልፋ ለቀመቻቸው። አባቷ እንዳዘዟት ቆሻሻው እንዲለይ ቁራሽ ሰም ጣለችበት፤ ጭሱ ቦግ ብሎ ወጣ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ መስታወት የጠራ እርሳስ ብቅ አለ። ቀድታ ፎርማው ውስጥ አንቆረቆረች፣ እስኪረጋ ጠበቀች፣ ከፍታ ፎጣው ላይ ጣለችው። ሁለቱም አረሮች እንደ ዘቢብ ተጨማደው ወጡ።

"ኧረ ተበላሸ!"

"አልተበላሸም። ፎርማው በርዶታል። አንቺስ ከብርድ እንደገባሽ ዝፈኚ ብትባዪ ትዘፍኛለሽ?"

"እኔ ሙቀት ላይም አልዘፍንም፣ አባባ።"

ሆባርት ሳቁ፤ ከስትሮኩ ወዲህ ሳቃቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። "መልሰሽ ድስቱ ውስጥ ጨምሪያቸው። እርሳስ ደግ ነው የኔ ልጅ፤ የተበላሸውን መልሰሽ ብታቀልጪው ቂም አይዝብሽም።"

በአሥረኛው ማፍሰስ ጭምደዳው ጠፋ። ሃያኛው ላይ አረሮቹ ጠርዛቸው የጠራ፣ ሆዳቸው የሚያብለጨልጭ ሆነው ወጡ። ኔልዳ ፎጣው ላይ በአሥር በአሥር እየደረደረች ቆጠረቻቸው። ሰማንያ አራት ነበሩ። እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥባ ወደ ቤት ስትገባ ራሷን አላወቀችውም፤ በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ነበር።

ከማፍሰስ ቀጥሎ ልክ ማስያዝ አለ። ከፎርማው የወጣ አረር ሁልጊዜ ጥቂት ይወፍራል፤ ሰም ተቀብቶ፣ በማጥበቢያ ቀለበት ውስጥ በማንሻ ተገፍቶ ማለፍ አለበት። ያኔ ሁሉም አንድ ልክ ይሆናሉ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤታቸው አክስት ኦርፋ ሆባርትን ለእጅ እንቅስቃሴ ወደ ሆስፒታል ይዛቸው ስትሄድ፣ ኔልዳ ይህን ሥራ ብቻዋን ልትጨርስላቸው አሰበች።

የአባቷ ማጥበቢያ ቀለበት የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ዝጓል። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል፣ ውስጡም ደብዛዛ ነው። ኔልዳ ይህን ባየች ጊዜ ነገሩ አልገረማትም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት አይታው አዲስ በፖስታ አስመጥታ ነበር። ያዘዘችውም እንዲያው በግምት አይደለም። የአረር ሠሪዎቹን ወፍራም መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳ የዚህን ጠመንጃ ዓይነት ፈልጋ፣ ፊት ለፊቱ የተጻፈውን ልክ ሁለት ጊዜ አንብባ ነው፤ ሦስት መቶ ሰባ ስድስት ሺኛ ኢንች። አዲሱ ቀለበት ላይ ይኸው ቁጥር ጥርት ብሎ ተቀርጿል። አሮጌውን ከዛጉ ሚስማሮችና ከተሰበረ ማጠፊያ ጋር የውራጅ ባልዲ ውስጥ ጨመረችው። ባልዲውንም ብረታ ብረት እየሰበሰበ የሚሸጠው ዴልመር በዚያው ቀን መጥቶ ወሰደው።

"ዛሬውኑ አራግፈዋለሁ" አላት፣ ፒክአፑ ላይ እየወረወረ።

"ዛሬ ስትል የትኛው ዛሬ?"

"አንቺ ደግሞ! የፊታችን ዛሬ።"

አረሮቹ በአዲሱ ቀለበት ማለፍ አቃታቸው። ማንሻውን በሁለት እጇ፣ ኋላም በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው፤ ከጎናቸው ቀጭን የእርሳስ ልጣጭ እየተገፈፈ አለፉ። ጀማሪ ስለሆንኩ ነው አለች በልቧ። ክንዷ እስኪዝል ገፋች። ስትለካቸው ሰማንያ አራቱም ሦስት መቶ ሰባ ስድስት ነበሩ። አንዷም አልሳተች።

ሆባርት ከሆስፒታል ሲመለሱ አንዱን አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። "ሙሽራ ይመስላል" አሉ። ባሩዱን ግን ለማንም አልሰጡም፤ ልኩን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው እየሰፈሩ፣ አንዳንዴም እየደፉ፣ እንደገና እየጠረጉና እየሰፈሩ ሃያ ቀለሃ ሞሉ። ኔልዳ እጃቸውን ላለማየት አንገቷን ደፍታ አረሮቹን ስትገጥም ዋለች።

ዓርብ ጠዋት ጠመንጃውን በእጃቸው ሰጧት። "እኔ ሰኞ ልድከም። አንቺ አራት ተኩሺና ጥይቱ የት እንደሚመታ እዪልኝ" አሉ። ይህን ጠመንጃ ብቻዋን እንድትይዝ ሲፈቅዱላት የመጀመሪያው ነበር።

ዴልመር ሁልጊዜ ዒላማ በሚተኩሱበት በጠጠር ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠበቃት፤ የዒላማውን ወረቀት ራሱ ሰቀለላት።

"ልብ በይ፣ አጋዘኑ ቀንድ ያለው ነው። ላም ካየሽ የአቶ ክሊፍተን ናት።"

"አፍህን ዝጋልኝ፣ ልተንፍስ።"

የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን ጥግ ላይ በሳው። ሁለተኛው ከእሱ አንድ ክንድ ርቆ አረፈ። ሦስተኛው የት እንደገባ አልታወቀም። አራተኛው ወረቀቱን በሳው፤ ቀዳዳው ግን ክብ አልነበረም። አረሩ በጎኑ ተኝቶ የገባ ይመስል የቁልፍ ቀዳዳ ቅርጽ ነበረው። ኔልዳ ጥፋቱ የእሷ አተኳኮስ መስሏት ስምንት ጨመረች። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወረቀቱ ጨርሶ አልተነካም።

ዴልመር መሣቁን አቆመ። ጠመንጃውን ከፍቶ በአፈሙዙ ወደ ሰማይ አየና ፊቱ ተለወጠ። "እስቲ እዪው" አላት።

አየች። ድሮ የአፈሙዙ ውስጥ ጥርት ባለ ጥምዝምዝ መስመር ያበራ ነበር፤ ልጅ ሆና አባቷ አሳይተዋት ነበር። አሁን መስመር የሚባል ነገር የለም። ግራጫ፣ ሸካራ፣ እዚህም እዚያም ያበጠ ሆኗል፤ ሥራ ቦታ ሠላሳ ዓመት ተቀብሮ የወጣ የውሃ ቧንቧ ውስጡ የሚመስለውን ይመስላል።

"ኔልዳዬ… አለቀ እኮ ይሄ። መቶ ምናምን ዓመት ተኮሰ፤ ወይ ጊዜው ደርሶ ነው፣ ወይ ደግሞ…"

"ወይ ደግሞ እኔ ነኝ።"

"እኔ እንደዛ አላልኩም።"

አላለም፤ ግን አሰበው። እሷም ስታስበው መንገዱን ሁሉ ጨረሰችው። ከሦስት ትውልድ እጅ በደህና ያለፈ ጠመንጃ በእሷ እጅ አንድ ጠዋት አልዘለቀም። አባቷ ደግሞ ያለዚህ ጠመንጃ አይወጡም። ሐኪሙ ምንም ያላለበት ዓመት ከፊታቸው ቆሟል፤ ያላቸው ሰኞ ብቻ ነው።

ራት ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ነበር።

"እንዴት ሆነ?" አሉ ሆባርት።

"ደህና ነው" አለች፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ።

 እሷ ሳህን ስታጥብ አባቷ ጠመንጃውን ከማዕዘኑ አንሥተው በረንዳ ወጡ። ሲመለሱ መልሰው አቆሙት፤ ደክሞኛል ብለው ገና ሳይመሽ ወደ መኝታቸው ገቡ። ኔልዳ እውነቱን የምትነግርበትን ቃል ስታዘጋጅ፣ ስታፈርስ፣ እንደገና ስታዘጋጅ አደረች። ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት አክስት ኦርፋ ሳታንኳኳ ገባች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በእሳት አደጋ ቡድኑ የዓመቱ ተኩስ ውድድር ለሽልማት የሚቀርበውን የአሳማ ጭን ከማንም ወንድ ይልቅ ደጋግማ የወሰደች ሴት ናት።

"ሆባርት! 'ነይና ባሩዴን ውሰጂልኝ' ብለህ ጎህ ሳይቀድ የምትደውለው ልትሞት ነው ወይስ ልትመነኩስ?"

ኔልዳ የያዘችው ስኒ በእጇ ቀረ። "ባሩዱን ለምን?"

ሆባርት ግራ እጃቸውን ቀኙ ላይ ጫን አደረጉ። ከዚያ "ተቀመጪ የኔ ልጅ" አሉ። "ትናንት ማታ በአፈሙዙ አየሁ። አንቺ ደህና ነው ያልሽው እንዳላዝን ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ጥፋቱ የኔ ነው። ባሩዱን አብዝቼዋለሁ። አንዴ ልስፈር ሁለቴ ልስፈር ትዝ አይለኝም። እጄ ብቻ ነው የሄደው ብዬ ነበር፤ ለካ ጭንቅላቴም ሄዷል። አንቺን ልገድልሽ ነበር እኮ። ከእንግዲህ ባሩድ አልነካም፤ ጠመንጃም አልይዝም።"

"አባባ፣ እርስዎ አይደሉም! እኔ ነኝ እኮ ያበላሸሁት!"

"አንቺ ምን አደረግሽ? ያፈሰስሻቸውን አይቻቸዋለሁ፣ እንከን አልነበራቸውም።"

"እኔ ነኝ አልኩዎ!"

"ልጅቷ ትጮኻለች እንዴ?" አለች ኦርፋ ተገርማ። "ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ድምፅዋን ዛሬ ገና ሰማሁት። ሁለታችሁም ዝም በሉና ጠመንጃውን አምጡት። ወረቀቱንም።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለውን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አዙራ አየች፣ በጥፍሯም ጫፉን ቧጠጠች፤ ጥፍሯ ላይ ግራጫ ቅርፊት ተጣብቆ ወጣ። ከዚያ ከተረፉት አረሮች አንዱን አንሥታ አፈሙዙ አፍ ላይ ጣል አደረገችው። አፉ ላይ ጠበቅ ብሎ መቆም ሲገባው አረሩ አንገቱ ድረስ ሸርተት ብሎ ገባ።

"ሆባርት፣ ይሄ አረር በምን ቀለበት ነው ያለፈው?"

"በኔ ነዋ። ሌላ ቀለበት የት አለኝ?"

ኔልዳ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። "የእርስዎ ዝጎ ነበር" አለች በቀጭን ድምፅ። "አዲስ አስመጣሁ። በመጽሐፉ ልክ።"

 ሆባርት ልጃቸውን አዩ፣ ኦርፋን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኔልዳ የሚያለቅሱ መስሏት ተነሣች። እሳቸው ግን ይስቁ ነበር። ያ ወደ ጎን ያዘነበለ ሳቅ እንባቸውን እስኪያወርደው ሳቁ።

"ባሩዱ አይደለም" አሉ። "ኦርፋ፣ ሰማሽ? ባሩዱ አይደለም!"

"ሰማሁ። ጭንቅላትህ እንደ ድሮው ነው። ድሮም ያው ነበር፣ ብዙ አትኩራራ።"

"እኔም ይህንኑ ነው ያደረግሁት" አሉ ሆባርት ወደ ልጃቸው ዞረው። "እናትሽን ሳላገባ። መጽሐፉ ያለውን ቀለበት ገዝቼ፣ ልክ እንዳንቺ። አባቴ ሦስት ቀን አላነጋገረኝም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ይሄን ጠመንጃ አይቶት አያውቅም፣ የኔ ልጅ። የዚህ አፈሙዝ ከመጽሐፉ ይሰፋል። አረሩ ሲቀጥን እሳቱ በጎኑ ሾልኮ ይልሰዋል፤ የላሰውን ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ፣ እየለካሁ፣ አንድ ክረምት ሙሉ አሰፋሁት። ያ ቁጥሩ የጠፋው ለዚያ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ሆባርት ጢማቸውን አከኩ። "ሌላ ቀለበት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝማ።"

"እና አፈሙዙ?" አለች ኔልዳ። ድምፅዋ እንደገና ሟሸሸ። "አፈሙዙ አልሞተም?"

"እርሳስ ነው እኮ የተለጠፈው" አለች ኦርፋ። "ግድግዳ በቀለም ተቀባ ብለሽ ቤት ታፈርሻለሽ? የመዳብ ድስት መፈግፈጊያ አለሽ? ያ ቢጫው?"

ኔልዳ ከማጠቢያው ሥር አዲሱን አወጣች። ኦርፋ የማቀዝቀዣውን ማግኔት ነቅላ አስጠጋችበት፤ አልሳበውም። "ጥሩ፣ እውነተኛ መዳብ ነው። ብረት ቢሆን ያኔ ነበር የምታለቅሽው፤ ውስጡን ይፍቀዋል።" ከመፈግፈጊያው ቆርጣ በጠመንጃ መወልወያው ዘንግ ብሩሽ ላይ ጠመጠመችው፣ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ዘንጉን ለኔልዳ ሰጠቻት። "ግፊ። የአባትሽ አይደል? አንቺ ግፊ።"

ኔልዳ ገፋች። መጀመሪያ ዘንጉ እንቢ አለ፤ ከዚያ ተንቋቋና አለፈ። ጋዜጣው ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ብርማ ስንጥር ረገፈ። ደግማ ገፋች፤ ሌላ ረገፈ። ሦስቴ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ክንዷ ደነዘዘ፣ አላቆመችም። በመጨረሻ ንጹሕ ጨርቅ አሳልፋ አፈሙዙን ወደ ቀኑ ብርሃን አነሣችው። ጥምዝምዙ መስመር ልጅ ሆና እንዳየችው ሆኖ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያበራል። አንድም ጭረት አልነበረበትም።

በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።  አባቷ ከኋላዋ መጥተው ግራ እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ። 

"በሉ እንግዲህ" አለች ኦርፋ፣ "ያ የዛገ ቀለበት የት አለ?"

ኔልዳ ቀና አለች። 

"ዴልመር ወስዶታል። ከውራጁ ጋር። ሐሙስ ዕለት። ዛሬውኑ አራግፈዋለሁ ብሎኝ…"

"ዴልመር ነው ያልሽው? እግዚአብሔር ይመስገን!" አለች ኦርፋ። "ሌላ ሰው ቢሆን አልቆልን ነበር። ነይ ተነሺ።"

ዴልመር ከቤቱ ፊት ለፊት በፒክአፑ ጎን ቆሞ ዳቦ ይበላ ነበር። ሐሙስ የጫነው ውራጅ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ከላዩ አንድ አሮጌ ማጠቢያ ማሽን ተጨምሮበታል።

"ልሄድ ስል ነው የደረሳችሁት" አለ።

"ስንፍናህ ይባረክ!" አለችው ኔልዳና ፒክአፑ ጭነት ላይ ወጥታ በሁለት እጇ መቆፈር ጀመረች።

ዴልመር ማኘኩን አቁሞ ኦርፋን አያት። "ምን ሆናለች?"

"ሰው ሆናለች። ማሽኑን አውርድላት።"

ቀለበቱ ባልዲው ታች፣ በተሰበረው ማጠፊያና በሚስማር መሐል ተሰንቅሮ ተገኘ። ኔልዳ በሹራቧ ጫፍ ጠርጋ ኪሷ ጨመረችው፤ ቤት እስክትደርስ እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

ከሰዓት በኋላ ሆባርት ሌላ ነገር አሳዩዋት። ለስላሳ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ዘይት አስቀቡና በአፈሙዙ በኩል በእንጨት ቀስ እያለች መትታ እንድታሳልፈው አደረጉ። በሌላው ጫፍ ሲወድቅ የመስመሮቹ አሻራ ታትሞበታል። ለካችው። ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ። የአሮጌውን ቀለበት ውስጥ ስትለካ ደግሞ ሦስት መቶ ሰማንያ።

"አረሩ ከአፈሙዙ አንዲት ሺኛ መወፈር አለበት" አሉ። "የኔ አባት ቁጥሩን አያውቀውም ነበር። 'ጥብቅ ብሎ ይሂድ' ነበር የሚለው።"

"መጽሐፉ የሳተው አራት ሺኛ ነው ማለት ነው" አለች ኔልዳ። "የአንድ ፀጉር ውፍረት።"

"ለአንዲት ፀጉር ነው ስናለቅስ ያደርነው።"

ስድሳ አራቱ አረሮችና ካልተተኮሱት ጥይቶች የተነቀሉት ስምንቱ ድስቱ ውስጥ ተመለሱ። ቂም ሳይዙ ቀለጡ። በዚህኛው ጊዜ ኔልዳ ፎርማውን ሳትጠየቅ አሞቀችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰም ቀባቻቸው፣ በዛገው ቀለበት ገፋቻቸው፤ ማንሻው በአንድ እጅ፣ ያለ ትግል፣ ጥብቅ ብሎ ግን ሳያስጨንቅ ወረደ። ባሩዱን ሆባርት ሰፈሩ። ኔልዳ ዛሬ አንገቷን አልደፋችም፤ ግራ እጃቸውን እያየች ጮክ ብላ ቆጠረችላቸው። አንዱም አልተደገመም።

ጠጠር ጉድጓዱ ጋ አራቱም ሄዱ። ሁለቱን ኔልዳ ተኮሰች። ዴልመር በርቀት መነጽሩ አይቶ "እ…" አለ። ሦስተኛውን ሆባርት ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ አፈሙዙን በተመሳቀለ እንጨት አስደግፈው፣ በግራ ትከሻቸው ተኮሱ። ጭሱ ተበተነ። ዴልመር ወረቀቱን ነቅሎ ሲመጣ ሦስቱ ቀዳዳዎች ክብ ነበሩ፤ የኦርፋ የተከፈተ መዳፍ ይሸፍናቸዋል።

"የኔ የትኛው ነው?" አሉ ሆባርት።

"መሐለኛው" አለች ኔልዳ።

መሐለኛው የማን እንደሆነ አላወቀችም። ሆባርትም ይህን አውቀው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ቤት ሲደርሱ የነገው ልብስ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። ኔልዳ መጀመሪያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። ቀለበቱን ዘይት ቀብታ በጨርቅ ጠቀለለች፣ የቡና ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠች፣ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በጥንቃቄ ጻፈችበት። "380። ለዚህ ጠመንጃ ብቻ። ዝገቱን አይታችሁ አትጣሉት።" ከሥሩ የአባቷን ስም ጻፈች። ትንሽ አሰበችና የራሷንም ጨመረች።